የደብረ ሲና ጉም ከየት ይነሳል? የሳምንቱን አየር በራስ ዓይን መከታተያ መመሪያ

ደብረ ሲና ላይ ጠዋት ብራ ስለሆነ ብቻ ስጥ አይሰጣም። ሦስት ሰዓት ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ ይታያል። ሰባት ሰዓት ሳይሞላ ከሸዋ ሮቢት በኩል ጉም ገደሉን ይዞ ይወጣና ከተማዋን ይሸፍናታል። ያካፋል፤ ያባራል፤ ፀሐይ ብቅ ትላለች፤ መልሶ ይዳምናል። ሰኞ ጋቢ ያስደረበ አየር ማክሰኞ ጃኬት ያስወልቃል።

«የዚህ አገር አየር አይታመንም» ይባላል። እኔ ይታመናል ባይ ነኝ። ደንብ አለው። ደንቡን የለየ ሰው ስጡን መቼ እንደሚያወጣ፣ ልብስ የትኛው ቀን እንደሚያጥብ፣ ጣርማ በርን በስንት ሰዓት እንደሚሻገር፣ ጎመኑን የትኛው ማታ እንደሚሸፍን ያውቃል። ይህን የጻፍኩት ለዚህ ነው። ምሳሌዬ ደብረ ሲና ናት። አንኮበር ወይም መሐል ሜዳ ያለ ሰውም ቦታውን እየለወጠ ሊሠራበት ይችላል።

የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም። ደብተር፣ እስክሪብቶ፣ ማስመሪያ፣ ባዶ ሃይላንድ፣ አንድ ጣሳ። ቴርሞሜትር ከተገኘ እሰየው።

1. ከሁሉ በፊት ወደ ታች እዩ

ሰው ስለ ዝናብ ሲያስብ ቀና ብሎ ያንጋጥጣል። እኛ ጋ ይህ ብዙ አይጠቅምም። የደብረ ሲና ደመና በአብዛኛው የሚነሳው ከበታቻችን ነው።

ምክንያቱ አቀማመጣችን ነው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ፣ የስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ላይ ተንጠልጥላለች። ከበላይዋ ጣርማ በር አለ፤ ጣሊያን በወረራው ዘመን የመኪና ዋሻ የፈለፈለበት፣ ከ3,000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ። ከበታቿ ሸዋ ሮቢት አለች፤ 1,280 ሜትር ገደማ። ከሮቢት ወዲያ የአዋሽ ሸለቆና የአፋር ቆላ ነው። ከጣርማ በር ወደ ምዕራብ የፈሰሰ ውሃ በጀማ አድርጎ ዓባይ ይገባል። ወደኛ የፈሰሰው አዋሽ ይገባል። አየሩም እንዲሁ በዚህ ጠርዝ ላይ ይለያያል። ዋሻው ወዲህ ማዶ ጉም፣ ወዲያ ማዶ ፀሐይ መሆኑን በዚያ መንገድ የሄደ ሁሉ ያውቀዋል።

አሁን የቀኑን ነፋስ ተመልከቱ። ፀሐይ ስትወጣ ዳገቱን ታሞቀዋለች። ዳገቱ የነካውን አየር ያሞቀዋል፤ የሞቀ አየር ይቀላል፤ ቀሎ ወደ ላይ ይሳባል። በሱ ፋንታ ከቆላ ሌላ አየር ይመጣል። ስለዚህ ከረፋዱ ጀምሮ ነፋሱ ከሮቢት ወደ ጣርማ በር ነው። ማታ ይገለበጣል። ዳገቱ ሲበርድ አየሩ ይከብድና ቁልቁል ይወርዳል። ጠዋት ብራ፣ ከሰዓት ደመና የሚሆንብን ከዚህ የተነሳ ነው።

የምታዩበትን ቦታ አንድ ጊዜ ምረጡና አትለዋውጡት። ወደ ሮቢትም ወደ ጣርማ በርም የሚያሳይ ይሁን። ከዚያ በዳገቱ ላይ አራት አምስት ምልክት ያዙ። ቤተ ክርስቲያን፣ የአስፋልቱ ጥምዝ፣ የባሕር ዛፍ ጫፍ፣ የዋሻው አፍ፣ የተራራው አናት። የእያንዳንዱን ከፍታ ስልክ ላይ ካለ ካርታ አይታችሁ ደብተራችሁ ሽፋን ላይ ጻፉት። የደመናውን ግርጌ የምትለኩት በነዚህ ነው። ጥምዙ በጉም ተሸፍኖ ከበታቹ ያለው ቤተ ክርስቲያን ከታየ፣ ግርጌው የት እንዳለ በሜትር ታውቃላችሁ።

2. ደመና እንዴት እንደሚሠራ በሃይላንድ ሞክሩት

ይህን ክፍል አትዝለሉት። አንዴ በዓይን ከታየ የቀረው ሁሉ ይቀላል። ልጆች ካሉ አብራችሁ አድርጉት።

ግልጽ የሆነ የሁለት ሊትር ሃይላንድ ውሰዱ። ለብ ያለ ውሃ ሁለት ጣት ያህል ጨምሩና ክደኑት። አንዴ ናጡት። ከዚያ በሁለት እጅ ጨብጣችሁ ጫን በሉት፤ ልቀቁት። ብዙም ነገር አይታይም። አሁን ክብሪት ለኩሱ፤ እፍ ብላችሁ አጥፉትና ጭሱን ጠርሙሱ ውስጥ አስገቡ። ክደኑ። ጫን በሉ፤ በድንገት ልቀቁ። ውስጡ ነጭ ጉም ይሞላል። መልሳችሁ ስትጫኑት ይጠፋል። ስትለቁት ይመለሳል።

ጠርሙሱ ውስጥ የሆነው ዳገታችን ላይ በየቀኑ የሚሆነው ነው። አየር ወደ ላይ በወጣ ቁጥር የሚጫነው ክብደት ይቀንሳል። ሲቀልለት ይሰፋል። ሲሰፋ ይበርዳል። ደመና ያልያዘ አየር በየ100 ሜትሩ ወደ 1 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። የቀዘቀዘ አየር ደግሞ እንደ ሞቃቱ ብዙ እንፋሎት መያዝ አይችልም። የተረፈው እንፋሎት ወደ ውሃ ይለወጣል።

ግን የሚያርፍበት ነገር ይፈልጋል። ጭሱ ለዚህ ነበር። ሰማይ ላይ ይህን ሥራ የሚሠሩት አቧራ፣ የምድጃ ጭስ፣ ከባሕር የተነሳ የጨው ብናኝ ናቸው። በእያንዳንዷ ብናኝ ላይ ጥቃቅን የውሃ ነጠብጣብ ይሰፍራል። ጉምም ደመናም ይህ ነው። ሁለቱ አንድ ናቸው። ደብረ ሲና ላይ ሆናችሁ ጉም ውስጥ ስትሄዱ፣ ሮቢት ያለ ዘመዳችሁ ቀና ብሎ «ተራራው ደመነ» ይላል።

እንፋሎት ራሱ በዓይን አይታይም። ጀበና ሲፈላ አፉ ላይ ልብ ብላችሁ እዩ። ከአፉ ጥግ ትንሽ ባዶ የሚመስል ክፍተት አለ፤ ነጩ ከዚያ ወዲያ ነው የሚጀምረው። እንፋሎቱ ያለው ባዶ በሚመስለው ላይ ነው። ነጩ ቀዝቅዞ ውሃ የሆነው ነው። ስለዚህ ጥርት ያለ ሰማይ ደረቅ ነው ማለት አይደለም። የጠዋት ብራ የሚያታልለን እዚህ ላይ ነው።

«ደመነ ግን አልዘነበም» የሚለውም መልስ አለው። የደመና ነጠብጣብ ስፋቷ ወደ 0.02 ሚሊ ሜትር ናት። ከመቅለሏ የተነሳ ቀስ ያለ ነፋስ እንኳ ይዟት ይቆያል። 2 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላት አንዲት የዝናብ ጠብታ እንድትወጣ አንድ ሚሊዮን ያህል የደመና ነጠብጣቦች መገጣጠም አለባቸው። ቀጭን ጉም ለዚህ ጊዜ አያገኝም። ጸጉር ያርሳል፤ ቆርቆሮ አያንጠባጥብም። ወፍራም ደመና ነው የሚያዘንብ።

3. ጉሙ የት እንደሚጀምር አስሉ

እኔ ከሁሉ በላይ የምወደው ክፍል ይህ ነው። በአንድ ጣሳና በአንድ ቴርሞሜትር፣ ጣርማ በር ዛሬ በጉም ይዘጋ እንደሆን አስቀድሞ መገመት ይቻላል።

የሚያብለጨልጭ ጣሳ ወረቀቱን ልጣችሁ አጽዱ። ጥላ ባለበት ከቤት ውጪ አስቀምጡ። እስከ ግማሽ ውሃ ጨምሩ፤ ቴርሞሜትሩን ውስጡ አድርጉ። በረዶ ወይም በጣም ቀዝቃዛ ውሃ በጥቂት በጥቂቱ እየጨመራችሁ አማስሉ። የጣሳው ውጭ ላብ የሚጀምርበትን ቅጽበት ጠብቁ። ያን ጊዜ ቴርሞሜትሩ የሚያሳየው የጤዛ ነጥብ ይባላል። አየሩ እስከዚያ ድረስ ከቀዘቀዘ ውሃ መትፋት ይጀምራል ማለት ነው። ጣሳው ላይ በትንፋሻችሁ እንዳታልቡት ራቅ ብላችሁ እዩ።

ከዚያ የአየሩን ሙቀት በጥላ ለኩ። ከሙቀቱ የጤዛ ነጥቡን ቀንሱ። ልዩነቱን በ125 አባዙ። የሚወጣው ቁጥር ደመናው ከቆማችሁበት ስንት ሜትር ከፍ ብሎ እንደሚጀምር ይነግራችኋል። 125ን ያመጣው ይህ ነው፦ የሚወጣ አየር በ100 ሜትር 1 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ፣ የጤዛ ነጥቡ ወደ 0.2 ዲግሪ ብቻ ይወርዳል። ስለዚህ በየ125 ሜትሩ በ1 ዲግሪ ይቀራረባሉ። ሲገናኙ ደመና ይሠራል።

በምሳሌ እንየው። ሮቢት እኩለ ቀን ላይ 30 ዲግሪ ነው እንበል። የጤዛ ነጥቡ 14 ከሆነ ልዩነቱ 16 ነው። 16 ጊዜ 125፣ 2,000 ሜትር። በሮቢት 1,280 ላይ ሲደመር 3,280። ደመናው ከጣርማ በር መንገድ በላይ ይቀራል፤ መንገዱ ንጹሕ ነው። የጤዛ ነጥቡ 18 ቢሆን ልዩነቱ 12፣ ከፍታው 1,500፣ ድምሩ 2,780። ደብረ ሲና ጣሪያው ላይ ደመና ይዞ ይውላል፤ ዋሻው ግን ጉም ውስጥ ነው። 20 ቢሆን ድምሩ 2,530 ይሆናል። ያኔ ከተማዋ ራሷ ጉም ውስጥ ናት። አያችሁ፣ ሮቢት ላይ ማንም ልብ የማይለው የስድስት ዲግሪ ልዩነት እኛ ጋ ቀኑን ይገለብጠዋል።

የሮቢትን ቁጥር ብዙ የአየር መተግበሪያዎች ያወጡታል። እዚያ ዘመድ ካላችሁም ጣሳውን እሱ ይሞክርላችሁ። ደብረ ሲና ላይ ብትለኩትም ይሠራል። 18 ዲግሪ ሙቀትና 14 የጤዛ ነጥብ ካገኛችሁ፣ ደመናው ከናንተ 500 ሜትር በላይ ነው። ልዩነቱ ወደ 2 ካነሰ ጉሙ ደጃችሁ ደርሷል።

ስሌቱ የሚይዘው ከረፋድ እስከ ከሰዓት፣ ነፋሱ ዳገት ሲወጣ ነው። ለሊትና ለማለዳ አትጠቀሙበት። በሐምሌና በነሐሴ ሳይነሳ የሚያድር ጉም አለ፤ ያ ሌላ ነው። በነዚያ ቀናት ጣርማ በርን የሚሻገር ሾፌር ከስሌት ይልቅ ዓይኑን ይመን። መብራት ያብራ፤ ፍጥነት ይቀንስ።

4. ዝናቡን ለኩ

«ዶፍ ዘነበ» እና «ትንሽ ጣል አደረገ» ከሰው ሰው ይለያያሉ። ሚሊ ሜትር አይለያይም። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ 1 ሊትር ውሃ ማለት ነው። ቆርቆሮ ጣሪያችሁ 40 ካሬ ሜትር ቢሆን፣ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ 400 ሊትር ያወርዳል። ለበርሜል የሚሆነውን ከዚህ አስሉ።

ጎኑ ቀጥ ያለ ሃይላንድ ፈልጉ። የታጠፈ ወገብ ያለው አይሆንም። ትከሻው የሚያበቃበት ላይ ቁረጡት። የተቆረጠውን አፍ ገልብጣችሁ እንደ ማጥለያ መልሳችሁ ሰኩት። ታቹ ወጣ ገባ ስለሆነ ጠጠር ጨምሩበትና ቀጥ ያለው ክፍል እስኪጀምር ውሃ ሙሉት። እዚያ ላይ መስመር አስምሩ። ዜሮ ይኸ ነው። ከመስመሩ ወደ ላይ ማስመሪያ ለጥፉ።

ሜዳ ላይ፣ ከቤትና ከዛፍ የራቀ ቦታ አስቀምጡ። ርቀቱ የቤቱን ቁመት ሁለት እጥፍ ቢሆን ጥሩ ነው። ነፋስ እንዳይጥለው በድንጋይ ደግፉት። በየቀኑ ጠዋት 3 ሰዓት አንብቡ፤ ከዚያ እስከ ዜሮው መስመር ድረስ አፍሱት። በረዶ ከጣለ ቀልጦ ይነበባል። በፀሐይ ቀን ውሃው ስለሚተን ዜሮውን እየሞላችሁ ጠብቁት።

5. ደብተሩ

በቀን ሦስት ጊዜ። ጠዋት 1 ሰዓት፣ ቀን 6 ሰዓት፣ ከሰዓት 10 ሰዓት። ከዚህ በላይ ማንም አይዘልቅበትም፤ ከዚህ ካነሰ ደግሞ የቀኑ መገለባበጥ ያመልጣል።

ሰማዩን በሐሳብ ስምንት ቦታ ክፈሉት። ስንቱ እንደተሸፈነ ጻፉ። ሙሉ ብራ 0፣ ሙሉ ደመና 8። ቀጥሎ የደመናው ግርጌ ከየትኛው ምልክት ላይ እንዳለ። ቀጥሎ ነፋሱ ከቆላ ነው ወይስ ከጣርማ በር። ቀጥሎ ሙቀት። እንዲህ ይመስላል፦ «ማክሰኞ፣ 6 ሰዓት፣ 5/8፣ ግርጌው ከዋሻው በታች፣ ነፋስ ከቆላ፣ 17 ዲግሪ፣ ካፊያ የለም።»

እሁድ እሁድ ቁጭ ብላችሁ ሳምንቱን ከላይ እስከ ታች አንብቡት። የምትፈልጉት አንድ ነገር ነው። ግርጌው በየቀኑ እኩለ ቀን ላይ እየወረደ ነው ወይስ እየወጣ? ሰኞ ከተራራው አናት፣ ማክሰኞ ከዋሻው፣ ረቡዕ ከአስፋልቱ ጥምዝ ላይ ከሆነ ቆላው በእርጥበት እየሞላ ነው። ሐሙስና ዓርብ ስጥ ለማውጣት አትቸኩሉ። ግርጌው በየቀኑ ከፍ እያለ ከሄደ አየሩ እየደረቀ ነው። ለልብስ፣ ለበርበሬ፣ ለቆሎ እህል የሚሆኑት ቀናት እነዚያ ናቸው። ደብረ ሲና ቆሎ ቆልተው ለመንገደኛ የሚሸጡ እናቶች እህላቸውን በደንብ ማድረቅ አለባቸው። ይህን ልብ ማለት ለነሱ ገንዘብ ነው።

6. ሦስት አራት ደመና መለየት ይበቃል

ደመናን በዓይነት የለየው ሉክ ሃዋርድ የሚባል እንግሊዛዊ የመድኃኒት ባለሙያ ነው። ጊዜው 1802 እ.ኤ.አ. ነበር። ኩሙለስ፣ ስትራተስ፣ ሲረስ ያላቸው ስሞች እስከ ዛሬ ይሠራባቸዋል።

ኩሙለስ ክምር ክምር የሚለው፣ ታቹ ጠፍጣፋ፣ ላዩ የተንጨፈረረው ነው። ስትራተስ ሰማዩን አንድ ወጥ አድርጎ የሚያለብሰው ነው። ጉማችን ከዚህ ይመደባል። እኝኝ ብሎ የሚውል ካፊያ ከዚህ ይወርዳል እንጂ ዶፍ አይጠበቅበትም። ሲረስ ከ6,000 ሜትር በላይ ያለው፣ ከበረዶ ቅንጣት የተሠራ ስስ ጭረት ነው።

ጊዜ መስጠት ያለባችሁ ለኩሙለስ ነው። አራት ሰዓት ላይ ትንንሽ ክምሮች ከታዩና ስድስት ሰዓት ላይ ቁመታቸው ከወርዳቸው ካልበለጠ ደግ ነው። ቁመቱ ከወርዱ እየበለጠ፣ አናቱ እንደ አበባ ጎመን ጥርት ብሎ እየወጣ ከሄደ ከሰዓት ዝናብ አለ። አናቱ ጥራቱን አጥቶ ሲለሰልስና ወደ ጎን ሲዘረጋ ወደ በረዶ ተለውጧል። ኩሙሎኒምበስ ይባላል። ነጎድጓድም በረዶም ከሱ ነው።

እኛ ጋ በረዶ ከሮቢት ይልቅ የሚበዛበት ምክንያት ግልጽ ነው። በአገራችን ሰማይ የዜሮ ዲግሪ ከፍታ ብዙውን ጊዜ ከ4,500 እስከ 5,000 ሜትር አካባቢ ነው። ከዚያ የወረደ በረዶ ሮቢት ለመድረስ ከ3,000 ሜትር በላይ ሞቃት አየር ውስጥ ያልፋል፤ ብዙው ቀልጦ ዝናብ ይሆናል። ደብረ ሲና ለመድረስ ወደ 2,000 ሜትር ይበቃዋል። ሳይቀልጥ ይደርሳል።

ሌላ መጠንቀቅ የሚገባው ነገር አቅጣጫ ነው። በሐምሌና በነሐሴ በጣም ከፍ ያለው አየር ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይነፍሳል። የነጎድጓዱ ደመና አናት ወደ ምዕራብ ተዘርግቶ ስታዩ «ሄደልን» አትበሉ። የሚያዘንበው ግርጌው ነው። የግርጌውን ጉዞ ተከተሉ።

7. ወቅቱን አትርሱ

ያው ደመና በየወቅቱ ትርጉሙ ይለያያል።

በልግ፣ ከየካቲት እስከ ግንቦት፣ እርጥበቱ በአብዛኛው ከምሥራቅ፣ ከሕንድ ውቅያኖስ በኩል ነው። ዳገታችን ፊት ለፊት ይቀበለዋል። ግን አይዘልቅም። ጥቂት ቀን ዘንቦ ሳምንት ይጠፋል። የበልግ ገብስ የሚዘራ ሰው በአንድ ዝናብ ብቻ እንዳይቸኩል የዝናብ መለኪያው እዚህ ላይ ይጠቅመዋል። የላዩ አፈር ረጠበ ማለት ታቹ ረጠበ ማለት አይደለም። መለኪያውን አንብቡ፤ አፈሩንም በእጅ ቆፍራችሁ እዩ።

ክረምት፣ ከሰኔ እስከ መስከረም፣ ዋናው ነው። በሐምሌና በነሐሴ ከባድ ይሆናል። «ቡሄ ካለ የለም ክረምት» ይባላል። ቡሄ ነሐሴ 13 ነው። መመለሻው መቃረቡ እውነት ነው፤ ግን የነሐሴ ሁለተኛ አጋማሽ እኛ ጋ ገና ብርቱ ነው። ጥላውን አትስቀሉ።

በጋ፣ ከጥቅምት እስከ ጥር፣ ብራ ነው ብለን እንዘናጋለን። እህሉ ታጭዶ ሜዳ ላይ የተከመረው ያኔ ነው። በዚህ ወቅት የላዩ አየር ከምዕራብ ይመጣል። ከደቡብ ምዕራብ ሲረስ እየተጎተተ ገብቶ በማግስቱ ከሳሳ ምንም አይደለም። በማግስቱ ከወፈረና ፀሐይዋን ካደበዘዛት ያለ ወቅቱ ዝናብ ሊመጣ ይችላል። ክምሩን ሸፍኑ፤ የደረሰውን ውቁ።

8. ውርጭ የሚጥልበትን ሌሊት መለየት

ደመና ሌሊት ለምድር ጋቢ ነው። ቀን የገባውን ሙቀት ወደ ሰማይ እንዳያመልጥ ይይዘዋል። ጋቢው ከሌለ ምድር ሌሊቱን ሙሉ ሙቀቷን ታፈሳለች።

ምልክቶቹ አራት ናቸው። ማታ 12 ሰዓት ላይ ሰማዩ 0/8፣ ነፋስ የለም፣ የጤዛ ነጥቡ ዝቅ ያለ ነው፣ ሙቀቱም ገና በምሽቱ እየወደቀ ነው። አራቱ በጥቅምት፣ በኅዳር ወይም በታኅሣሥ አንድ ላይ ከመጡ ተጠንቀቁ። የጤዛ ነጥቡ ወደ ዜሮ ከተጠጋ ደግሞ አትጠራጠሩ።

ውርጩ ከሁሉ በላይ የሚመታው ረባዳውን ነው። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ቁልቁል ወርዶ ሜዳው ላይ ይተኛል። በዳገት ላይ ያለ ባቄላ ተርፎ የሜዳው የሚቃጠለው ለዚህ ነው። ደብረ ሲና ተዳፋት ስለሆነች ቀዝቃዛው ወደ ታች ያልፋታል። የደብረ ብርሃን ሜዳ ግን ይይዘዋል። ችግኝና ጎመን ካላችሁ ፀሐይ ሳትጠልቅ መሬቱን አጠጡ፤ እርጥብ አፈር ሙቀት ይይዛል። ከዚያ በገለባ ሸፍኑ። ጠዋት ፀሐይ ሲበረታ ግለጡ።

9. መብረቅ

ይህ አጭር ነው፤ ግን ሕይወት ነው። ብልጭታ ስታዩ ቁጠሩ። ድምፁ በ3 ሰከንድ 1 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ከ30 ሰከንድ በታች ከሰማችሁ 10 ኪሎ ሜትር ውስጥ ነው። ቤት ግቡ ወይም መኪና ውስጥ ሁኑ። ብቻውን የቆመ ጽድ ወይም ባሕር ዛፍ ሥር አትጠለሉ። እረኞችን ከከብቶቹና ከሽቦ አጥር አርቋቸው። የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ 30 ደቂቃ ሳያልፍ አትውጡ። ደብተሩ ይቅር፤ የዚያን ሰዓት ምልከታ ማንም አይፈልገውም።

10. ስልኩና ዳገቱ ሲጋጩ

የስልክ ትንበያ መጥፎ አይደለም። ግን አገሩን በሰፋፊ አራት ማዕዘን ከፍሎ ያሰላል። በአንዱ ውስጥ ገደሉም ሜዳውም ይደባለቃል። መጀመሪያ መተግበሪያው ለከተማችሁ የሰጠውን ከፍታ እዩ። 2,200 ሜትር ብሎ ካሰበ ከኛ 500 ሜትር ዝቅ ብሏል። በየ100 ሜትሩ 0.6 ዲግሪ ቀንሱ። 20 ካለ 17 ነው።

«60 በመቶ ዝናብ» ሲል የቀኑን ስድሳ በመቶ ይዘንባል ማለቱ አይደለም። እንዲህ ባሉ አሥር ቀናት በስድስቱ ይዘንባል ማለቱ ነው።

ባሮሜትር ለመግዛት ያሰበም ካለ ይቆይ። አውሮፓ ውስጥ የአየር ግፊት ሲወርድ ዝናብ መጣ ይባላል። እኛ በምድር ወገብ አቅራቢያ ነን። ግፊቱ በየቀኑ ጠዋት 4 ሰዓት አካባቢ ከፍ፣ ከሰዓት 10 ሰዓት አካባቢ ዝቅ ይላል፤ ብራም ሆነ ዝናብ። ያንን አይቶ የሚያወራ ሰው በየቀኑ ዝናብ ይጠብቃል። ጨረቃ ቀለበት ሠራች የሚለውም እንዲሁ ነው። ቀለበቱ የሲረስ ምልክት ነው፤ እኛ ጋ ብቻውን ዝናብ አያመጣም።

የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት በየአሥር ቀኑና በየወቅቱ ትንበያ ያወጣል። ለዘር፣ ለአጨዳ፣ ለሠርግ ቀን መቁረጫ ያንን ያዙ። ለነገና ለተነገ ወዲያ ስልኩን እዩ። ለሚቀጥሉት ሦስት አራት ሰዓታት ግን ስልኩን ኪሳችሁ ክተቱና ወደ ሮቢት ተመልከቱ። ደብተሩ ላይ አንድ ተጨማሪ ዓምድ አስምሩ። ጠዋት ስልኩ ያለውን ጻፉበት፤ ማታ የሆነውን አጠገቡ ጻፉ። አንድ ክረምት ካለፈ በኋላ መተግበሪያው በየትኛው ወር፣ በየትኛው ሰዓት እንደሚስትባችሁ ከዓምዱ ላይ ታነቡታላችሁ።